ሁለት ዓምድ

የግሽ ዓባይ መዝገብ ሁለት ዓምድ ብቻ አለው፤
"ጎብኚ" የሚል አንዱ፣ "ተሳላሚ" ሌላው።
ጎብኚ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣
ሣሩ ላይ ይቆማል፣ ፎቶውን ያነሣል፤
ተሳላሚ አይከፍልም፤ በሩን ስሞ ገብቶ
ይመለሳል ቢጫ ጀሪካኑን ሞልቶ።
ጢስ ዓባይን አይቶ የሚመጣም አለ፣
የተታለለ መስሎት የሚጮህ፣ "ፏፏቴው የታለ?"

እኔ ነኝ ጸሐፊው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሳልጠይቅ ነው የምለያቸው፣ ገና ከሩቅ ሳሉ፤
ጫማ ነው የማየው። ነጠላ ነው። ሻንጣ።
እስከዚያ ማክሰኞ፣ ያ ሰው እስኪመጣ።

"ስም?" አልኩት። "አንማው።" "ሥራ?" "ሹፌር። ነበር።
ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በተቃጠለ ፍሬን ሽታ ስኖር፣
ከደጀን ቁልቁለት እስከ ጎሃ ጽዮን
ስንቴ ተሻገርኩት መሰለህ ዓባይን።"
"ታዲያ ለምን መጡ? ለጉብኝት? ለጸበል?"
"እንጃ" አለ፣ ኮፍያውን እያሻሸ፤ "አንዱንም አይመስል።"

ብዕሬ አየር ላይ ቀረ።

አባ ኪሮስ ጠየቁት፣ ከበሩ ሥር ሆነው፦
"ጾም ነህ ወይ ልጄ? የቀመስከው መቼ ነው?"
እሱም አልዋሸ። "ቲሊሊ ላይ" አለ "መኪናው ሲቆም
አንድ ዳቦ በልቻለሁ፣ በሻይ።" "እንግዲያ አይሆንም።"
የበላ አይገባም፤ ሕጉ ነው የምንጩ፣
ስንት ፈረንጅ ቁርሱን እየረገመ ቀርቷል ከውጩ።
አንማው አልተከራከረም። "እሺ፣ ነገ" ብሎ ዞረ፤
ከሕሙማኑ ጋር፣ በሰከላ ቁር፣ ከአጥሩ ሥር አደረ።

እኔም ምን እንደያዘኝ፣ ወደ ቤት አልሄድ አልኩ፤
ባትሪዬን አጥፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"ረዳት ነበረኝ" አለኝ ሳልጠይቀው፣ በጨለማ፤
"የቢቸና ልጅ ነው። ታኮ ከጎማ
ሥር ሊከት፣ ገና ሳልጠራው የሚወርድ።
ፍሬኑ እምቢ ያለ ዕለት፣ ከድልድዩ በላይ፣ ከመታጠፊያው መንገድ፣
ወረደ፣ እንደ ልማዱ፣ በሩን ተመርኩዞ።
መኪናው ቆመልኝ። እሱን ግን ገደሉ ላከው፣ ዓባይ ሄደ ይዞ።
ስሙ ይርሳው ነበር። እስቲ ይኸ ስም ይባላል?
ይኸው ዐሥራ ዘጠኝ ክረምት፣ ስሙ ያሾፍብኛል።"

ቆይቶ ደግሞ፦ "ጻድቁ መጻሕፍቱን ለውኃው
አደራ ሰጥቶ፣ ከዘመን በኋላ ሲጠይቀው፣
ደረቁን፣ አንድ ፊደል ሳይፈዝ፣ መለሰለት አሉ።
እኔም አደራ አለኝ። ሰው ነው። ስለ ሰውስ ምን ይላሉ?"

በመዝገቤ የለም እንዲህ ያለ ጥያቄ።
ጋቢዬን ጣል አደረግኩበት፣ ከላዬ አውልቄ።

ሲነጋ ገባ። ጫማውን ትቶ ዕርጥብ ሣር ረገጠ፣
ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ጎንበስ ብሎ አፈጠጠ።
"ይቺ ናት?"
ይችው ናት። እፍኝ ናት። ሕፃን ዘሎ የሚሻገራት፣
የተጠማ ጥጃ በምላሱ የሚያደርቃት።
ከዚያ ሳቀ። ሰው ጸበል ላይ እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅ፤
አባ ኪሮስም አልገሠጹት፤ ጠበቁት ሳቁ እስኪያልቅ።

ከረጢቱን ፈታ። አንድ የእንጨት ታኮ፣ በግሪስ የጠቆረ፣
አውጥቶ፣ ከምንጯ ዝቅ ብሎ፣ ቦይዋ ላይ አኖረ።
ውኃው ለአፍታ ቆመ። አየሁት፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።
ከዚያ በግራ በቀኝ ዞረና መንገዱን አገኘ፣ ሳይነግሩት።

"ደህና" አለ አንማው። ሌላ ነገር አልተናገረም።
ጀሪካን አልሞላም፣ ፎቶም አላነሣም።

ማታ መዝገቡን ስዘጋ፣ ድምር ስሠራ፣
ጎብኚ ዐሥራ ሦስት፣ ተሳላሚ ዘጠና አራት፤ አንድ ሰው፣ ከሁለቱም ጎራ
የሌለ፣ ተረፈኝ።
ኃላፊው ደውሎ "ሒሳብህ አልገጠመም" ይለኛል ነገ፤
ይበል፤ ደመወዜን ይቅጣ እንደፈለገ።
በዓምዶቹ መሐል ያለው ኅዳግ ጠባብ ነው ስፋቱ፤
"አንማው" ብዬ ጻፍኩበት በእርሳስ፣ "ከነረዳቱ።"